ከዋስ እስከ ፋይዳ ቁጥር፦ በአዊ ምድር ሰው የታወቀበትና የታመነበት መንገድ

በአዊ ምድር መታወቂያ ወረቀት ከመሆኑ በፊት ሰው ነበር። ከቀዬው የራቀ መንገደኛ ኬላ ላይ ወይም እንግዳ ደጃፍ ላይ ሲደርስ የሚጠየቀው ስሙን ብቻ አልነበረም። የማን ልጅ እንደሆነ፣ ከየትኛው ቤት እንደሚወለድና በአካባቢው ማን እንደሚያውቀው ይጠየቅ ነበር። መልሱ የሚጸናው ሌላ ሰው ቆሞ «አውቀዋለሁ» ሲል ነው። ያ ሌላ ሰው ከማወቅ አልፎ «እኔ እጠየቅበታለሁ» ያለ እንደሆነ ደግሞ ዋስ ይባላል። የአገሩ የማንነት ማረጋገጫ ታሪክ በእነዚህ ሁለት ቃላት መካከል የተደረገ ረጅም ጉዞ ነው፤ ማወቅ አንድ ነገር ነው፣ መጠየቅ ሌላ ነው።

ቀድሞ አገው ምድር ይባል የነበረው ይህ አገር ዛሬ በአማራ ክልል የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ነው። ዋና ከተማው እንጅባራ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች፤ የቀድሞ ስሟ ኮሶበር ነው። ከእሷ በስተሰሜን ያለችው ዳንግላ በንጉሡ ዘመን የአገው ምድር አውራጃ መቀመጫ ነበረች። ሕዝቡ አዊኛ ይናገራል፤ ራሱንም በሰባት ቤት ይቆጥራል። አንከሻ፣ አዘና፣ ባንጃ፣ ጫራ፣ ኳኩራ፣ መተከልና ዚገም ከወንድማማቾች እንደወረዱ በትውፊት ይነገራል። ይህ የቤት ቆጠራ የዘር ሐረግ ጨዋታ ብቻ አልነበረም። የማያውቁት ሰው ከየትኛው ቤት መሆኑ ከታወቀ፣ ቢያጠፋ የሚጠየቅለት ወገን፣ ቢጠቃ የሚነሣለት ወገን የት እንዳለ ታወቀ ማለት ነው።

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1763 ዓ.ም ገደማ ወደ ግሽ ዓባይ ሲያልፍ የአገው ሰዎች ከብት፣ ማር፣ ቅቤና ቆዳ ይዘው በአንድ ጊዜ ሺህና ከሺህ በላይ እየሆኑ ወደ ጎንደር ገበያ እንደሚሄዱ ጽፏል። በሺህ መጓዝ ከሽፍታ ለመጠበቅ ይጠቅማል፤ ከዚያም ሌላ ጥቅም ነበረው። በጓዙ ውስጥ ያለ ሁሉ እርስ በርሱ ይተዋወቃልና አንዱ ለሌላው ምስክር ይሆናል። የሲራራ ነጋዴዎችም ሥርዓት ተመሳሳይ ነበር፤ ከነጋድራሱ ጋር የሚጓዝ ሰው ኬላ ጠባቂው ዘንድ የሚታወቀው በነጋድራሱ ስም ነው።

የዋስ ሥርዓት ዋጋው ጎልቶ የሚታየው ሰው ሲበደርና ሲካሰስ ነበር። ዳኛ ፊት የቀረበ ሰው «ዋስ ጥራ» ይባላል። ዋስ የጠራ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ዋስ ያጣ ግን ከባለጋራው ጋር በልብስ ጫፍ ወይም በሰንሰለት ይቆራኛል። ከሳሽና ተከሳሽ፣ አበዳሪና ተበዳሪ ተጣምረው ሲሄዱ ማየት በአገሪቱ ሁሉ የተለመደ ነበር፤ «ቁራኛ» የሚለው ቃልም የዚያ ልማድ ነው። ሥርዓቱ በሰው ክብር ላይ የከበደ ነበር፤ በገንዘብ ረገድ ግን ስሌቱ ግልጽ ነው። ዋስ የሆነ ሰው መሬቱን፣ ከብቱንና ስሙን ለሌላው ቃል አስይዟል። ያ ሰው ቢጠፋ ዕዳውን የሚከፍለው ዋሱ ነው። ስለዚህ ዋስ የሚሆነው በደንብ ለሚያውቀው ብቻ ነው፤ የማረጋገጡ ሥራ ጥራት የሚመጣው ከኪሳራው ፍርሃት ነው።

ወንጀል ሲፈጸም ደግሞ አውጫጭኝ ይጠራል፤ በሌላ አገር አፈርሳታ የሚባለው ነው። የአካባቢው ሰው በአንድ ሜዳ ተሰብስቦ አጥፊው እስኪታወቅ አይበተንም፤ የቀረም ይቀጣል። እዚህም ላይ የሚመረመረው አንድ ሰው ብቻ ሳይሆን መንደሩ በሙሉ ነው። መንደሩ እንግዳ አስጠግቶ ከነበረ ስለ እንግዳው መልስ መስጠት አለበት። እንዲህ ያለ ሥርዓት ባለበት አገር ማንም የማያውቀውን ሰው እንደዋዛ አያሳድርም ነበር።

ከሰው አፍ ሌላ የነበረው ማረጋገጫ ማኅተም ነው። ነገሥታቱና መኳንንቱ ደብዳቤያቸውን የሚያጸኑት በፊርማ ሳይሆን በማኅተም ነበር፤ ማኅተሙም እንደ ዛሬው ከግርጌ ሳይሆን ከራስጌ ያርፋል። ማኅተም የያዘ ደብዳቤ ለተሸካሚው የይለፍ ወረቀት ነበር። ማኅተሙ የሚመሰክረው ግን ስለ ላኪው ነው፤ ደብዳቤውን የያዘው ሰው በእርግጥ የተላከው ሰው መሆኑን አያሳይም። ይህ ጉድለት ዛሬም በኮምፒዩተር ዘንድ አልቀረም፤ የይለፍ ቃል የያዘ ሁሉ የይለፍ ቃሉ ባለቤት አይደለም።

የውጭ መንግሥት ወረቀት ወደ አገው ምድር የገባው በዳንግላ በኩል ነው። ብሪታንያ ለሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ቆንስላ ያስቀመጠችው በዚያች ከተማ ነበር። በ1917 ዓ.ም የመጣው ሮበርት ቺዝማን እስከ 1926 ድረስ ቆይቶ የጣና ሐይቅንና የዓባይን ሸለቆ ለክቶ ካርታ አንሥቷል፤ መጽሐፉንም በ1936 እ.ኤ.አ. አሳትሟል። በሳር ክዳን ቤቶች መካከል የቆመው ቆንስላ የሱዳንን ድንበር ለሚሻገር ሰው ሌላ ዓይነት የማንነት ሐሳብ ይዞ መጣ፤ ሰው በቤቱና በዋሱ ሳይሆን በዜግነቱ የሚታወቅበትን ነው። ሐሳቡ ብዙ ሰው ዘንድ አልደረሰም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጣሊያን ገባ፤ ዳንግላም የጦር ሰፈር ሆነች፤ በ1933 ዓ.ም የካቲት ላይ አርበኞችና የእንግሊዝ መኮንኖች ሲገፉ ጣሊያን ለቅቋት ወጣ።

በዚያው በወረራው ዘመን፣ በ1932 ዓ.ም፣ የአዊ ምድር ከዚያ ወዲህ ዘመናትን የተሻገረ ተቋም መሠረተ፤ የሰባት ቤት አገው የፈረሰኞች ማኅበር። ማኅበሩ በየዓመቱ ጥር 23 በዓሉን ያከብራል፤ ፈረስ በዓድዋና በሌሎች ጦርነቶች የዋለውን ውለታ ያስባል። ዛሬ አባላቱ ከ60 ሺህ በላይ እንደሆኑ ይነገራል። እንጅባራ ላይ ያን ቀን የቆመ እንግዳ የሚያየው የተሸለመ ፈረስ፣ ጉግስና ሽምጥ ነው፤ ማኅበሩ ግን ትርኢት ብቻ አይደለም። የተጣላ ያስታርቃል፣ ደም ያደርቃል፣ የተቸገረ አባል ይረዳል። የማኅበሩ አባል መሆን ሰውዬው ቤት እንዳለው፣ ፈረስ እንደሚያስተዳድር፣ ሽማግሌ ፊት ቀርቦ ቃሉን እንደሚያከብር የሚያሳይ ምስክር ነው። በሌላ አነጋገር የማንነት ማረጋገጫ ነው፤ ያውም ማረጋገጫውን የሚሰጠው ወገን ራሱ ተጠያቂ የሆነበት።

ፈረስና ማንነት በኢትዮጵያ የተገናኙት በአዊ ብቻ አይደለም። ነገሥታቱ ሳይቀሩ በፈረስ ስማቸው ይታወቁ ነበር፤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው። በአዊ ግን ፈረስ የመኳንንት ብቻ አልነበረም። የባንጃና የአካባቢው ገበሬ በፈረስ ያርሳል፣ ይጭናል፣ ይጋልባል፤ ስለዚህ በፈረስ መታወቅ ለተራው ገበሬም የሚደርስ ማዕረግ ሆነ።

መንግሥት በበኩሉ ገበሬውን በስሙና በመሬቱ ልክ ለማወቅ ሲሞክር ነገሩ በሰላም አላለፈም። በጎጃም ርስት የሚገኘው በትውልድ ነው፤ ባለርስት ነኝ የሚል ሰው እስከ አቅኚው አባት ድረስ ቆጥሮ ያስረዳል፣ ሽማግሌ ይመሰክርለታል። ማስረጃው በአፍ ስለነበረ ከዘመኑ ጋር ይለዋወጣል፤ የማይለወጥ መዝገብ ግን የተለየ ነገር ነው። በኅዳር 1960 ዓ.ም የወጣው የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ የመሬትና የምርት ገማቾችን ወደ ገጠር ሲልክ የጎጃም ገበሬ ምዝገባው የርስቱ ማብቂያ ነው ብሎ ጠረጠረ። ዓመፁ በተለይ በሞጣ፣ በቢቸናና በዳሞት በረታ፤ የጦር አውሮፕላን እስከ መላክ ተደረሰ። በመጨረሻ ንጉሠ ነገሥቱ አገረ ገዥውን ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቈ ሥላሴን አነሡ፤ ውዝፍ ግብርም ተሰረዘ። የዚያ ዓመት ትምህርት እስከ ዛሬ ይሠራል። መዝገብ የሚያስፈራው ስለሚያውቅ ብቻ አይደለም፤ የሚያውቀው ወገን በምን እንደሚጠየቅ ስለማይታወቅ ነው።

ሕጉ ከሕዝቡ ቀድሞ ነበር። ከ1953 ዓ.ም መስከረም ጀምሮ የጸናው የፍትሐ ብሔር ሕግ የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዝገብ እንዲቋቋም በሰፊው ደንግጓል። ይሁንና ራሱ ሕጉ በቁጥር 3361 መዝገቡ የሚጀምረው በነጋሪት ጋዜጣ ትእዛዝ ሲወጣ ነው አለ። ትእዛዙ ሳይወጣ ሥርዓቱ ተለወጠ። ከግማሽ ምእተ ዓመት በላይ ኢትዮጵያዊ ተወልዶ፣ አግብቶ፣ ሞቶ፣ በመንግሥት መዝገብ ሳይሰፍር ማለፉ የተለመደ ሆነ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 እንደገና ታውጆ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም መጨረሻ ነው።

በመካከሉ ያለውን ባዶ የሞላው ቀበሌ ነው። ደርግ በየካቲት 1967 የገጠር መሬትን፣ በሐምሌ ደግሞ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ሲወርስ በገጠር የገበሬ ማኅበር፣ በከተማ የቀበሌ ማኅበር ተቋቋመ። የስኳርና የዘይት ራሽን፣ የመኖሪያ ቤት፣ የጉዞ ፈቃድ፣ የብሔራዊ ውትድርና ምልመላ ሁሉ በዚያ ያልፍ ነበር። መታወቂያው ፎቶ የተለጠፈበት፣ ክብ ማኅተም ያረፈበት፣ በብዕር የተሞላ ካርድ ነው። ስም ከአባትና ከአያት ጋር፣ የትውልድ ዘመን፣ ሥራ፣ ብሔር ይጻፍበታል። የብሔሩ መስመር ከሥርዓቱ ጋር አልወደቀም፤ ብዙ ዓመት ቆይቶ ለብዙ ሰው የስጋት ምንጭ ሆኗል።

የቀበሌ መታወቂያ ደካማ ነው ተብሎ በየጊዜው ይወቀሳል። በአንድ ቀበሌ የወሰደ በሌላው ይደግማል፤ ማኅተም በማንም ማኅተም ቀራጭ ይሠራል፤ ማዕከላዊ መዝገብ የለውም። ወቀሳው እውነት ነው። ነገር ግን በገጠር ቀበሌ የነበረውን አንድ ጠንካራ ጎን አያነሣም። ሊቀመንበሩ ካርዱን የሚፈርመው ሰውየውን ራሱን ስለሚያውቀው ነው፤ የማያውቀው እንደሆነ ደግሞ ሦስት ሰው ምስክር አምጣ ይላል። ወረቀቱ አዲስ፣ ዋሱ አሮጌ ነበር። ደካማነቱ የጎላው በከተማ ነው፤ ሰው ጎረቤቱን በማያውቅበት።

በአዊ ገጠር ከመታወቂያ ይልቅ የተከበረው ሰነድ ሌላ ነው፤ የመሬት ይዞታ ደብተር። የአማራ ክልል በአዋጅ ቁጥር 46/1992 መሠረት ጥሎ፣ ከ1995 ዓ.ም ገደማ ጀምሮ የገበሬውን ማሳ መዝግቦ ደብተር መስጠት ጀመረ። በደብተሩ ላይ የባልና የሚስት ስም ጎን ለጎን ይጻፋል፤ የሁለቱም ፎቶ ይለጠፋል። በአንድ በኩል ይህ ከ1960ው ዓመፅ ጋር ሲነጻጸር የሚያስገርም ነው፤ ያኔ መዝገብ የሸሸው ገበሬ ልጅ አሁን ለመመዝገብ ተሰለፈ። ምክንያቱ ቀላል ነው። በ1960 መዝገቡ ግብር ሊያስከፍል መጣ፤ በ1995 ግን መሬቱ እንዳይነጠቅ ሊመሰክር መጣ። ብዙ የገጠር ሴት ለመጀመሪያ ጊዜ ፎቶዋ የተነሣው ለዚህ ደብተር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ብድርም እንዲሁ ከዋስ ሥርዓት ላይ ተሠራ። የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ ሕዝቡ አብቁተ የሚለው፣ በ1987 ዓ.ም ገደማ በክልሉ የልማት ድርጅት ሥር ጀምሮ በ1989 ፈቃድ አገኘ። ማስያዣ ለሌለው ገበሬ ያበደረው በቡድን ዋስትና ነው፤ ጥቂት ሰዎች ተቧድነው አንዱ ባይከፍል ሌሎቹ ይከፍላሉ። ማን ከማን ጋር ይቧደን የሚለውን የወሰነው የባንክ ሠራተኛ ሳይሆን መንደሩ ራሱ ነበር። ሰካራሙን፣ ዕዳ ከዳኙን ማንም በቡድኑ አያስገባም። ተቋሙ በ2014 ዓ.ም ፀደይ ባንክ ሆነ። ከዚያ በፊት ሕጉ የማስያዣውን በር አስፍቶ ነበር፤ አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ከብትንና ሰብልን የመሰለ ተንቀሳቃሽ ንብረት ለብድር እንዲያዝ ፈቀደ፣ የክልሉ አዋጅ ቁጥር 252/2009 ደግሞ የመሬት መጠቀም መብትን። ፈረሱ እንደገና ዋስ ሊሆን በሕግ ተፈቀደለት ማለት ነው።

ፋይዳ የሚባለው ዲጂታል መታወቂያ የመጣው በዚህ መሬት ላይ ነው። የብሔራዊ መታወቂያ ፕሮግራም በ2013 ዓ.ም ሥራ ጀመረ፤ በመጋቢት 2015 የኢትዮጵያ ዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ጸደቀ። ተመዝጋቢው የአሥሩንም ጣቶቹን አሻራ፣ የሁለቱን ዓይኖቹን ብሌንና የፊቱን ምስል ይሰጣል፤ ባለ 12 አኃዝ ቁጥርም ይቀበላል። በአዲሱ መታወቂያ ላይ ብሔር አይጻፍም። ሥርዓቱ የተገነባው በባንጋሎር በተሠራው ሞሲፕ በሚባል ክፍት የሶፍትዌር መሠረት ላይ ነው፤ ማንም መንግሥት የፈቃድ ዋጋ ሳይከፍል ሊወስደው ይችላል። የዓለም ባንክ በታኅሣሥ 2016 ለሥራው 350 ሚሊዮን ዶላር አጽድቋል። ከታኅሣሥ 23 ቀን 2017 ጀምሮ በአዲስ አበባ አዲስ የባንክ ሒሳብ ለመክፈት የፋይዳ ቁጥር ግዴታ ሆነ፤ ተመዝጋቢዎችም በዚያው ዓመት ከ10 ሚሊዮን አለፉ።

የጣት አሻራን ለማንነት የማዋል ልማድ ራሱ ከአበዳሪና ተበዳሪ ጉዳይ ጋር የተያያዘ መሆኑ እዚህ ላይ መታወስ አለበት። በ1858 እ.ኤ.አ. በቤንጋል የነበረ የእንግሊዝ ሹም ዊልያም ኸርሼል ውል የገባ ነጋዴ እንዳይክድ የነጋዴውን የመዳፍ አሻራ በውሉ ላይ አስደረገ። በአሻራ አመዳደብ ዘዴው ላይ በኋላ በካልካታ የደከሙት ህንዳውያን አዚዙል ሐቅና ሄም ቻንድራ ቦስ ሲሆኑ ስሙን ያገኘው አለቃቸው ኤድዋርድ ሄንሪ ነው። በኢትዮጵያም ማንበብ የማይችል ሰው በውል ላይ አውራ ጣቱን የሚያሳርፈው ለዚሁ ነው፤ ውል እንዳይካድ።

በአማራ ክልል የፋይዳ ጉዞ ከሌላው አገር የከበደ ሆነ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 በክልሉ ግጭት ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጣ፤ የሞባይል ኢንተርኔትም ለብዙ ወራት ተቋረጠ። አሻራን ከማዕከላዊ ቋት ጋር የሚያመሳክር ሥርዓት ያለ መረብ ዕውር ነው። በእንጅባራና በዳንግላ ይህን ዘመን ያየ ነጋዴ ቁጥር ምን ያህል እንደሚጠቅም፣ ቁጥር ሲጠፋም ሰው ወደ ምን እንደሚመለስ አይቷል። የተመለሰው ወደሚያውቀው ሰው ነው።

ከዚህ ታሪክ ቀጥሎ የሚነሣው ክርክር የገንዘብ ነው። በኢትዮጵያ የማንነት ማረጋገጫና የደኅንነት ቴክኖሎጂ የሚሠራ ትንሽ ኩባንያ ቢኖር፣ አክሲዮኑን መግዛት ያዋጣል ወይ? ጥያቄው ከአሁን በፊት ትርጉም አልነበረውም። በ1957 ዓ.ም በብሔራዊ ባንክ አስተናባሪነት የተጀመረው የአክሲዮን ግብይት ከ1967ቱ ውርስ ጋር ጠፍቶ ነበር። አሁን ግን በአዋጅ ቁጥር 1248/2013 የካፒታል ገበያ ሕግ ወጥቷል፤ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያም ጥር 2 ቀን 2017 ተከፍቷል፤ መጀመሪያ የተመዘገበውም ወጋገን ባንክ ነው። ከዚያው ጋር ትይዩ ኢትዮ ቴሌኮም 100 ሚሊዮን አክሲዮን በ300 ብር ለሕዝብ አቅርቦ በቴሌብር ሸጧል። እስከ የካቲት 2017 የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ያህል ነው፤ 47,377 ሰዎች 3.2 ቢሊዮን ብር ገደማ አወጡ። የዳንግላ ነጋዴ ከሱቁ ሳይወጣ በስልኩ አክሲዮን መግዛት የቻለው ማንነቱን የሚያረጋግጥ ሥርዓት ስላለ ነው።

ለእንዲህ ያለ ኩባንያ የሚከራከር ሰው የሚያቀርበው ማስረጃ ጠንካራ ነው። ባንኮች ቁጥር መጠየቅ ግዴታቸው ሆኗል፤ የስልክ ኩባንያ፣ የግብር መሥሪያ ቤትና ትምህርት ቤት እየተከተሉ ነው። በየቀኑ ሚሊዮን ጊዜ «ይህ ሰው እሱ ነው ወይ?» ተብሎ ሲጠየቅ ለእያንዳንዱ መልስ ሳንቲም ቢከፈል እንኳ ሒሳቡ ይከብዳል። ከዚህ ሌላ የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 የግል ድርጅቶች ፈቃድ አውጥተው የዲጂታል ፊርማ ምስክር ወረቀት እንዲሰጡ በር ከፍቷል፤ የበላይ ምስክርነቱ ግን የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር ነው። የድሮው ማኅተም ጠባቂ ሥራ ለግል ኩባንያ ተከፈተ ማለት ነው።

የሚቃወመው ወገን ግን የበለጠ ያሳምናል። አንደኛ፣ ሥሩ ክፍት ሶፍትዌር ስለሆነ የሚሸጥ ፈቃድ የለም፤ ቁጥሩንም የሚሰጠውና ዋጋውን የሚተምነው መንግሥት ነው። አንድ ደንበኛ ብቻ ያለው፣ ያ ደንበኛ ደግሞ ሕግ አውጪ የሆነበት ኩባንያ በአንድ መመሪያ ሊሞት ይችላል። ህንድ ውስጥ ይህ ታይቷል። አድሃር የሚባለውን የአገሪቱን የመታወቂያ ቁጥር እየተጠቀሙ ደንበኛ ይመዘግቡ የነበሩ የግል ኩባንያዎች በመስከረም 2018 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የአድሃርን ሕግ አንቀጽ 57 ሲሽር የሥራቸው መሠረት በአንድ ፍርድ ተናደ። መሣሪያ አቅራቢ መሆንም መዳኛ አይደለም። የአሻራ ማንሻና የብሌን ካሜራ የሚመጣው በውጭ ምንዛሪ ነው፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲተመን ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ገደማ በሳምንታት ውስጥ ከመቶ አልፏል። ከዚያ በፊት በብር ተዋውሎ መሣሪያ ያላስገባ ሰው ትርፉን ፈልጎ አያገኝም። ትልልቁ የኅትመት ሥራም በትልልቆቹ እጅ ነው። አዲሱን የኤሌክትሮኒክ ፓስፖርት የሚያትመው የጃፓኑ ቶፓን ቤተሰብ የሆነው ቶፓን ግራቪቲ ከመንግሥት ወገን ጋር በመሠረተው ሽርክና ነው፤ በሽርክናው ውስጥ በ1914 ዓ.ም የተቋቋመው ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት አለ።

ከሁሉም የሚከብደው ግን የመታመን ጉዳይ ነው። ዲጂኖታር የሚባል የሆላንድ ትንሽ ኩባንያ የድረ ገጾችን ማንነት የሚመሰክር ድርጅት ነበር፤ ለአገሩ መንግሥት ጭምር ይሠራል። በጥር 2011 እ.ኤ.አ. ቫስኮ የተባለ የአሜሪካ ድርጅት ገዛው። በዚያው ክረምት ሰርጎ ገቦች ገብተው በስሙ ሐሰተኛ ምስክር ወረቀቶች አወጡ፤ በመስከረም ኩባንያው ከሰረ። ለገዛው ድርጅት ያልተሳካ ግብይት ሆነ። ሌላ ንግድ ስህተት ቢሠራ ይካሳል፤ ምስክር ሆኖ የሚኖር ንግድ ግን አንድ ጊዜ በሐሰት ከመሰከረ የሚሸጠው ዕቃ የለውም። በአገው ምድርም በሐሰት ዋስ የሆነ ሰው ቃሉ ከዚያ ወዲያ አይሰማም ነበር።

የሁለቱ ልዩነት ወጪው ላይ ነው። የመንደሩ ዋስ ሲሳሳት መሬቱ ይሄዳል። የቴክኖሎጂ ኩባንያ ሲሳሳት በውሉ ውስጥ «ኃላፊነቱ አይመለከተንም» የሚል አንቀጽ ይገኛል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የአሻራንና የመሰል መረጃን አያያዝ በኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ቁጥጥር ሥር አድርጓል፤ ያም ለትንሽ ኩባንያ ቀላል ያልሆነ ወጪ ነው። ይሁንና ለኩባንያው ዋጋ የሚሰጠው ያ ወጪ ነው። መለየት ብቻ የሚሸጥ ድርጅት ከመንግሥቱ ቋት ጋር የተወዳደረ ደላላ ነው፤ ትርፉም የደላላ ነው። ሲሳሳት የሚከፍል፣ ለባንኩ «ይህን ሰው እኔ አረጋግጫለሁ፣ ባይሆን ከእኔ ውሰድ» የሚል ድርጅት ቢገኝ ግን አሮጌውን የዋስ ሥራ በአዲስ መሣሪያ ይሠራል፤ ለዚያ አክሲዮን ገንዘብ ማውጣት ያስኬዳል። በኢትዮጵያ እንዲህ ያለው ሥራ በመድን ድርጅቶችና በአብቁተ ዓይነት የቡድን ብድር ዙሪያ የሚገኝ እንጂ በአሻራ ማንሻ ሻጮች ዘንድ አይደለም። ስለዚህ ዛሬ ባለው ሁኔታ ትንሽ የማንነት ቴክኖሎጂ ኩባንያ በራሱ ቆሞ ለጡረታ የሚቀመጥ አክሲዮን አይሆንም፤ ከአበዳሪ ወይም ከመድን ድርጅት ጋር የተቆራኘ እንደሆነ ብቻ ሊታሰብበት ይችላል።

የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳዎችም ይህንኑ ይመሰክራሉ። ለገንዘብ ያዥ፣ ለዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ወይም ለሾፌር የሚወጣ ክፍት ቦታ ከትምህርት ማስረጃና ከመታወቂያ ቀጥሎ «ተያዥ ማቅረብ የሚችል» ይላል፤ የፋይዳ ቁጥር ያለውም ያቀርባል።